እንግዳ ሆና እንግዳ ስትቀበል

እናቴ የሆቴሉ ክፍል ገብታ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እዚህ ሰው ቢመጣብን ምን እንሰጠዋለን?»

ማን ይመጣብናል? ሐዋሳ ውስጥ የምናውቀው ሰው የለንም። እሷ ከደብረ ብርሃን፣ እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው። እንዲያውም እዚህ ድረስ ያመጣኋት ከጓዳ ሥራ ትረፍ ብዬ ነው። «ማንም አይመጣም፣ እማዬ። አንቺ ብቻ ዕረፊ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አላወረደችም፤ ጫማዋን አላወለቀችም። ለቅሶ ልትደርስ ሰው ቤት ገብታ «ብዙ አልቆይም» የምትል ሴት ትመስል ነበር።

ያ አቀማመጧ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ስላደርንበት፣ ኩሽና ስላለው ማረፊያ ልጽፍ የተነሳሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

አባዬ ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ተዘከረ። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም። ዕድርተኛው፣ ዘመዱ፣ የሰፈሩ ሰው ይወጣል ይገባል። ከሙት ዓመቱ በኋላ ግን ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ። መቼስ ሰው አይፈረድበትም። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ጀበናው ቡፌው ላይ ተቀምጦ አየሁት። እማዬ ጀበና ቡፌ ላይ አታስቀምጥም። የጀበና ቦታው ምድጃው አጠገብ ነው። አንስቼ ሳየው ውስጡ ደርቋል።

«ቡና ተውሽ እንዴ?»

«ለማን ላፍላው?»

ይኸው ነው ያለችኝ። አባዬና እሷ ጠዋት ጠዋት፣ ከኪዳን መልስ፣ አብረው ይጠጡ ነበር። ወደ አርባ ዓመት ገደማ። እሱ አቦሉን ካልጠጣ ራሱን ያመዋል። እሷ በረካው ሳይደርስ አትነሳም። ቡና ደግሞ ብቻን አይጠጣም። ይህን እኔ ለእሷ አላስተምራትም።

እኔ የመጣልኝ መፍትሔ ዕረፍት ነበር። ከዚያ ቤት ትውጣ፣ ሐይቅ ትይ፣ ሌላ ሰው ያብስልላት። እማዬ ደግሞ የሐዋሳ ገብርኤልን ንግሥ በሰው አፍ ስትሰማ ነው የኖረችው። ሐምሌ 19 ሊነግሥ ነው። ጾመ ሐዋርያት ተፈቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም። የዓመት ፈቃድ አለኝ። ሐምሌ 14 ጠዋት ተነሳን።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርገን ሻሸመኔን አለፍን። እማዬ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታያለች እንጂ ብዙ አላወራችም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐዋሳ ወደ 1,700 ዝቅ ይላል። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ እማዬ ግን በጋቢዋ አወቀችው። ሻሸመኔ ላይ ከትከሻዋ አወረደችው። ጥቁር ውሃ ስንደርስ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «እዚህ አገር ሰው ምን ለብሶ ይተኛል?» አለችኝ። ያን ቀን ከሰማኋት ረጅሙ ንግግሯ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ሆቴል እንከን አይወጣለትም። ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው። ሙቅ ውሃ አለ፤ ከበረንዳው ራቅ ብሎ ሐይቁ ይታያል። ግን እማዬ አትበላም። ቁርስ ላይ እንቁላሉን፣ ፍርፍሩን፣ ፍራፍሬውን ደርድረውታል። አንድ ቁራሽ ዳቦ አንስታ ሻይ ትጠጣለች፤ በቃ። አስተናጋጁ ከኋላዋ ቆሞ ሰሃኗን እስክትጨርስ መጠበቁ አስጨነቃት። «ልጁ ሳይበላ ቆሞ እኔ እበላለሁ?» ትለኛለች። ክፍላችን ገብታ ከቤት ይዛው የመጣችውን ዳቦ ቆሎ ታወጣለች።

ጠዋት ስነቃ አልጋዋ ተነጥፏል። የእኔም ሊነጠፍ ጥቂት ነው የቀረው። ፎጣዎቹ ታጥፈዋል። መታጠቢያ ቤቱ ተወልውሏል፤ በምን እንደወለወለችው አላውቅም። ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ የሚጸዳ ነገር አጥታ ቆመች። እማዬ «ነይ ቁጭ በይ፣ ልጄ፣ ደክሞሻል» አለቻት። ልጅቷ በሩን ዞር ብላ አየችው። «እማማ፣ እንግዳ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድልንም» አለች፣ ቀስ ብላ። እማዬ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዝም አለች።

እኔ ያኔ አልገባኝም። ተናደድኩ እንጂ። ያን ያህል ብር ከፍዬ፣ ሐይቅ ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ አሁንም ለቅሶ ቤት የገባች ትመስላለች። ማታ ማታ አልጋ ላይ ተኝቼ ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ አስባለሁ። እማዬ በሕይወቷ ሰው ቤት ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ሰው ቤቷ ሲመጣም ባዶ እጁን አይወጣም። ሆቴሉ ውስጥ ሁለቱም የለም። የምትሰጠው ነገር የላትም። ሁሉ ነገር ተሰጥቷታል፤ እሱም በክፍያ።

ከዚያ ሐምሌ 17 ደረሰ። ለንግሥ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ክፍሉ ከ17 ጀምሮ ቀድሞ ተይዟል። ይህን ስንገባም ነግረውን ነበር፤ እኔ ሌላ ቦታ አላጣም ብዬ ነው። አጣሁ። የደወልኩበት ሁሉ ሞልቷል፤ ያልሞላው ደግሞ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በመጨረሻ የባጃጅ ሹፌሩ አዳነን። «ፈርኒሽድ አትፈልጉም? ቤት ነው፤ ግን እንደ ሆቴል ነው» አለን። እማዬ «ቤት ነው» የሚለውን ብቻ ሰማች። ሻንጣዋን ራሷ ጫነችው።

ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ታች እንግዳ መቀበያ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ መታወቂያ ይመዘግባል፣ አንሶላ ይቀይራል። እስከዚህ ሆቴል ነው። በሩን ስትከፍቺው ግን ሳሎን ነው የሚቀበልሽ። ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ በስተግራ ኩሽና። ዋጋው በሆቴል ሁለት ክፍል ብንይዝ ከምንከፍለው ያነሰ ነበር። ሳምንት ለሚቆይ ደግሞ ይቀንሳሉ፤ ወር ለሚቆይ የበለጠ ይቀንሳሉ።

ይህ ዓይነቱ ማረፊያ ከየት እንደመጣ በኋላ አንብቤያለሁ። በስፋት ከታወቁት ቀዳሚዎቹ አንዱ አሜሪካ ውስጥ፣ ካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ሬዚደንስ ኢን ነው። የከፈተው ጃክ ዴቦር ይባላል፤ ድሮም አፓርታማ ሠሪ ነበር። ለሥራ ብሎ ሳምንታት ከቤቱ ርቆ የሚቆይ ሰው ሆቴል ይሰለቸዋል፣ ኩሽናና ሳሎን ይፈልጋል የሚል ሐሳብ ነው ያነሳሳው። እ.ኤ.አ. በ1987 ማሪዮት የሚባለው የሆቴል ድርጅት ገዛው። ዛሬ አዲስ አበባም የማሪዮት አፓርታማ ሆቴል አላት።

የነሱ እንግዳ ቦርሳውን ይዞ ለሥራ የሚመጣ አንድ ሰው ነው። የኛ አገር ሰው ብቻውን ስንት ጊዜ ይጓዛል? እኛ ከተማ ገብተን የምንሰነብተው ሰው ልናሳክም ነው፣ ልጅ ልናስመርቅ ነው፣ ሠርግ ነው፣ ንግሥ ነው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው። ይዘን የምንመጣውም ቤተሰብ ነው። ስንቅ ቋጥረን ነው። ከገባን በኋላም የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም። እና እንዲህ ያለ ማረፊያ ከማንም በላይ ለኛ የተሠራ ይመስለኛል። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ የሚገቡበትን ሰዎች ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠራው ሪፈራል ሆስፒታል በሽተኛ ያለባቸውን ነው። ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለሥራ የሚመጡትን፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ወር ሁለት ወር የሚቆይ ሰው አለ። እኛ ሦስተኛዎቹ ነን፤ የገብርኤል እንግዶች።

እማዬ ኩሽናው ውስጥ ምን እንዳደረገች በደንብ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነጠላዋን አወረደች። ሦስት ቀን ያላወረደችውን። የበሩ መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቁም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከቀኝ ወደ ግራ፤ ከላይ ወደ ታች። ድስቱን አውጥታ ቂጡን አየች። ክዳኑን ገጠመችው፤ አልገጠመም። ሌላ ሞከረች። ቢላውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ዶልዱሟል ማለት ነው። አንዱን የሸክላ ሰሃን ገልብጣ በታችኛው ሻካራ ክብ ላይ ቢላውን ሳለችው፤ ሸርፍ ሸርፍ እያደረገች። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደብረ ብርሃን ነበርኩ።

የማቀዝቀዣው በር ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ የዕቃ ዝርዝር ተለጥፏል። ድስት 2፣ መጥበሻ 1፣ ሰሃን 6፣ ሹካ 6፣ ብርጭቆ 6፣ ስኒ 4፣ ቢላ 1። እየጮኸች አነበበችው። «ስኒ አራት ብቻ?» አለች። «ለማን ሊበቃ ነው?»

ሁለት ነን። ግን ዝም አልኩ።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ እንጀራ። በርበሬና ጨው ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ ለምን ሆቴል በርበሬ ይዛ እንደመጣች አልጠየቅኳትም። ቡናውን ስትገዛ ግን እኔ አልነበርኩም። ስልክ እያወራሁ ዞር ስል የለችም። ስትመለስ በአንድ እጇ ጥሬ ቡና በፌስታል፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስትፈታው ጥቁር ጀበና ነው። ሌላ ጥቅል አለ፤ ስድስት ስኒ።

ምንም አላልኩም። እሷም ምንም አላለችም።

ከገበያ መልስ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ የለም፤ እማዬ ግን ዓሣ ሠርታ አታውቅም። ደጋ ያደገች ሴት ናት። ጀልባው ዳር ላይ ልጆች ተቀምጠው ዓሣውን ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ሽማግሌ መስለው ቆመው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። እማዬ አንዱን አባ ኮዳ ትኩር ብላ አየችው፤ አማተበች። ከዚያ ልጁን ጠየቀችው፦ «ቅርፊት ያለው የቱ ነው?» ልጁ ወዲያው ገባው። «እማማ፣ ቆሮሶ ይውሰዱ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ እናንተ አትወዱትም» አላት። ያሳያት ክብር ደስ አለኝ። የእምነቷን ነገር ሳያስረዝም አወቀላት። ስድስት ቆሮሶ ገፎ፣ አጥንቱን አውጥቶ ሰጣት። እንዴት እንደሚሠራም ነገራት፤ ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል፣ ዓሣው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ብዙ አይማሰል፣ ይፈርሳል።

ቤት ገብታ ዓሣውን ሦስት ጊዜ በሎሚ አጠበችው። ሁለተኛው ላይ አሸተተችው። ሦስተኛው ላይ እኔን አስሸተተችኝ። ወጡ ሲደርስ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። «አይከፋም» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ስትበላ አየኋት። ሁለት እንጀራ።

ከዚያ ቡናው መጣ። ይህ ቀላል አልነበረም። በሩ ላይ በትልቁ «ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። በአገራችን ስንት ሰው እንደተኛ ቀርቷል፤ ብርድ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ዜና ብዙ ጊዜ ሰምቷል። እማዬም ታውቃለች፤ አልተከራከረችም። ግን ከሰል በሌለበት ቡና እንዴት ይፈላል? ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ መጥበሻውን ጥዳ ቆላችው። ጭሱን እየዞረች ልታስሸትተኝ አመጣችው፤ መጥበሻው እንደ መቁያ እጀታው ረጅም ስላልሆነ በጨርቅ ይዛው። ሙቀጫ የለም። ዘበኛው ሰፈሩ ካለው ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ አመጣልን። ጀበናውን ምድጃው ላይ ስትጥደው «ይሰነጠቃል» ብዬ ፈራሁ። እሳቱን ዝቅ አድርጋ ቀስ በቀስ አሞቀችው፤ አልተሰነጠቀም። ዕጣኑን በረንዳ ላይ፣ ደጅ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ አጨሰችው።

ስኒዎቹን ደረደረች። አስሩንም። አራቱን የቤቱን፣ ስድስቱን የእሷን። በሩን ከፈተችው። ገርበብ ሳይሆን ወለል አድርጋ።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ዓመት ሙሉ ደረቅ የነበረ ጀበና ትዝ አለኝ። ኩሽና ገብቼ ውሃ ከፈትኩ፤ እንዳታየኝ።

መጀመሪያ የመጣችው የዚህኛውን ሕንፃ ክፍሎች የምታጸዳዋ ልጅ ነበረች። በሩ ላይ ቆመች። «እዚህ ቁጭ በይ ይላሉ እንዴ?» ስትል እማዬ እየሳቀች «እዚህ ቤቱ የኔ ነው፤ ነይ ግቢ» አለቻት። ልጅቷ እንግዳ መቀበያው ያለውን ልጅ በስልክ ጠየቀች። «እንግዳዋ ከጋበዙሽ ምን ቸገረ» አላት። ተቀመጠች። ቀጥሎ ከፊት ለፊታችን በር ያሉ ሴት መጡ። የአለታ ወንዶ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሪፈራል ተኝቷል፤ እሳቸው ከሆስፒታሉ ማታ ማታ እየመጡ ምግብ ያበስሉለታል። ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። አማርኛቸው እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው፣ የእማዬ ሲዳምኛ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሁለቱ ግን እስከ በረካ ተጫወቱ። ምን እንዳወሩ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባሎቻቸውና ስለ ጉልበት ሕመም ነው።

በማግስቱ እኚህ ሴት ኩስኩስት በሚመስል ዕቃ ቡርሳሜ ይዘው መጡ፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ። እርጎ አለው። እማዬ ቆጮ ታውቃለች፣ እንዲህ ያለውን ግን አልቀመሰችም። እየበላች ቅቤው እንዴት እንደተነጠረ ትጠይቃለች፣ ሴትየዋ በእጃቸው ያሳያሉ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሰሃን ይመላለሳል። ባዶ ሰሃን አይመለስም፤ ይህም የሁለቱም አገር ሕግ ነው።

ወንድሜ ደውሎ ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን ቆጣ አለ። «ልታሳርፊያት ወስደሽ ወጥ ታሠሪያታለሽ?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ኩሽና ያለው ማረፊያ ብትይዝ ምን አረፈች ይባላል? ቤቷን ይዛ መጣች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ባሏ ቢያበስል፣ ልጆቹ ሰሃን ቢያጥቡ ነው የሚያምረው፤ ካልሆነ ሆቴሉ ይሻላታል፣ ከልቤ ነው። የእማዬ ግን ሌላ ነበር። እሷን ያደከማት ሥራ አልነበረም። ሠርታ የምታቀርብለት ሰው ማጣቷ ነው። እኔ ዕረፍት ብዬ ያን የቀረውንም ልነጥቃት ነበር።

ሐምሌ 19 ሌሊት ገና ሳይነጋ ወጣን። መንገዱ ነጭ ለብሷል። ባጃጅ የሚባል አይገባም፤ በእግር ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ነበር፤ ጭቃ ነው። እማዬ የጉልበቷን ሕመም ረሳችው። ንግሡ ራሱ ብዙ ሰው የጻፈበት ነው፤ እኔ አልጨምርበትም። አንድ ነገር ብቻ። የዕለቱ ታሪክ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው፤ በሚፈላ ጋን ውስጥ ሲጣሉ ቅዱስ ገብርኤል ያወጣቸው። ሲነበብ እማዬ እጄን ያዘችኝ። እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።

ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት አረጋውያን ሴቶች አብረውን አሉ። ከየት እንዳገኘቻቸው አላውቅም። ማደሪያ አጥተው ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው ያደሩት፤ ነጠላቸው ረጥቧል። «እንግዳ አለን» አለችኝ እማዬ፤ ፊቷ በርቷል። እንግዳ መቀበያው ላይ ጭንቅ ያዘኝ። ደንቡ ያልተመዘገበ ሰው አያስገባም። ልጁ መታወቂያቸውን ጠየቀ፣ መዘገበ። «ማደር ከሆነ ተጨማሪ ይከፈላል፣ ቁርስ ከሆነ ግን ችግር የለም» አለ። ቁርስ ነው ያልነው። ቁርሱ እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው አንቀላፉ፤ እማዬ ጋቢዋን አለበሰቻቸው። ለዚህ ሲባል ይሆን እዚህ ሙቀት ውስጥ ስንገላታ ይዘነው የዞርነው ብዬ አሰብኩ።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ልትይዙ ካሰባችሁ የምነግራችሁ አለ። ሁለት ቀን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ ተብለን ነበር፤ አለ፣ ግን መብራቱንና ሶኬቱን እንጂ ምድጃውን አይችልም። ምድጃ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ «ጄኔሬተር አላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ምድጃውን ያስነሳል?» በሉ። ውሃውም ከላይ ካለው ሮቶ ነው የሚወርደው፤ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ በመብራት ነው። መብራት ሲቆይ ውሃም ይሄዳል። ባልዲ ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። አሮጊት ወይም በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ሊፍት አለ ቢሏችሁም ዝቅ ያለ ፎቅ ለምኑ፤ እኛ ሁለተኛ ፎቅ መሆናችን ነው ያዳነን። መብራት በጠፋበት ምሽት እማዬ ከፊት ለፊት ካሉት ሴት ጋር ሻማ አብርተው የተረፈ ቡርሳሜ በሉ። ለእሷ ይህም የተበላሸ ቀን አልነበረም።

አመሻሽ ላይ አንዳንዴ ወደ ሐይቁ እንወርድ ነበር። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ጅራታቸው ነጭ ነጠላ ይመስላታል። አንድ ቀን ውሃውን እያየች «ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። «የትም አይሄድም፤ እዚሁ ይቀመጣል» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አባትሽ ቢያየው ደስ ይለው ነበር» አለች። ስሙን ስታነሳ ድምፅዋ ያልተሰበረበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነው።

ሐምሌ 25 ወጣን። ከመውጣታችን በፊት እማዬ ቤቱን አጸዳችው፤ ልጅቷ እየተሟገተቻት። የተረፈውን በርበሬ በንጹሕ ጠርሙስ አድርጋ ለአለታ ወንዶዋ ሴት ሰጠች። ልጃቸው በሚቀጥለው ቀን ሊወጣ ነው ተብሏል። ሁለቱ በሩ ላይ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ሲወጡ ዕቃ ቆጠራ አለ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ዝርዝሩን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንስቶ ኩሽና ገባ። ድስት ሁለት፣ አለ። መጥበሻ አንድ፣ አለ። ቢላውን አንስቶ ስለቱን አየና «ይሄ የኛ ነው?» አለ። ስኒ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ቆጠረ።

«እማማ፣ ስኒው አስር ሆነ። የእርስዎን ረስተዋል።»

«አልረሳሁም። እኔ ቤት ሞልቷል» አለች እማዬ። ነጠላዋን ከመንጠቆው አወረደች። «ጀበናውም ይቆይ። ቤት ስገባ የራሴን አነሳዋለሁ።»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ሻንጣውን አነሳሁ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ፕላስቲኩ ላይ አልጽፍ አለው። ወረቀቱን ከፕላስቲኩ መዝዞ አወጣውና ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው። 4ቱን ሰረዘና 10 ጻፈ። ከታች ባዶው ላይ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ ጀበና 1።